ረጅም መንገድ ለሚመላለስ ሰው የኤሌክትሪክ ብስክሌት የፍጥነት ገደብ ከፍ ይበል ወይስ ባለበት ይቆይ?

አቅራቢ፦

ጥያቄውን ላስቀምጥ። ከቤት እስከ ሥራ ቦታ 20፣ 25 ኪሎሜትር የሚሄዱ ሰዎች መኪናና አውቶቡስ እየተዉ ወደ ኤሌክትሪክ ብስክሌት እየገቡ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንደ ተራ ብስክሌት የሚቆጠረው ሞተሩ ከ250 ዋት ያልበለጠ፣ ፔዳል ሲረገጥ ብቻ የሚያግዝና 25 ኪሎሜትር በሰዓት ሲደርስ እገዛውን የሚያቋርጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ግዛቶች ሦስት ደረጃ አላቸው። ሁለቱ 32 ላይ ያቋርጣሉ፤ ከነሱ አንዱ ፔዳል ሳይረገጥም ይሄዳል። ሦስተኛው እስከ 45 ያግዛል። 25 ለረጅም መንገድ አይበቃም የሚሉ አሉ። 25 እንኳ በዝቷል የሚሉም አሉ። እናንተስ? ምክንያታችሁን ይዛችሁ ኑ።

ባለ ረጅም መንገድ፦

ከፍ ይበል። ምንም አላመነታም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 25 ኪሎሜትር በ25 ፍጥነት አንድ ሰዓት ነው፤ ያውም መብራት ሳይዝህ፣ መስቀለኛ ላይ ሳትቆም። ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። በ32 ብትሄድ 47 ደቂቃ ይሆናል። በ45 ደግሞ 33 ደቂቃ። ሥራ ውሎ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያወጣ ሰው በቀን ግማሽ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ሰው መኪናውን ትቶ ብስክሌት ላይ እንዲወጣ ከፈለግን ጊዜውን መብላት የለብንም።

ሞተሩ 25 ላይ ሲያቋርጥ የሚሆነውን ደግሞ ያልነዳ ሰው በቀላሉ አይረዳውም። ሜዳ ላይ ነህ፣ ጉልበት አለህ፣ መንገዱ ባዶ ነው። 25ን ስትነካ እገዛው ጥፍት ይላል፤ ከዚያ በኋላ 20 ምናምን ኪሎ የሚመዝነውን ብስክሌት የምትገፋው ብቻህን ነው። 27 ትደርስና ትመለሳለህ፣ እንደገና ትሞክራለህ፣ እንደገና ትመለሳለህ። መኪናው በ50 በሚያልፍበት ጎዳና ላይ ደግሞ አንተ በዘገየህ ቁጥር ጎንህን ታክኮ የሚቀድምህ ይበዛል። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

እግረኛ፦

ወንድሜ፣ የደቂቃውን ሒሳብ ሠርተሃል፤ የግጭቱን ግን ረስተኸዋል።

የሚንቀሳቀስ ነገር የሚይዘው ጉልበት በፍጥነቱ ልክ አይደለም የሚጨምረው፣ በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከ25 ወደ 32 ስትወጣ ፍጥነትህ በሩብ ያህል ጨመረ፤ የምትመታበት ጉልበት ግን በ64 በመቶ አደገ። ፍሬን ይዘህ እስክትቆም የምትሄደው ርቀትም እንደዚያው ይረዝማል። 45 ከሆነ ከሦስት እጥፍ ያልፋል። ይሄንን ሁሉ ለስንት ደቂቃ ነው? ራስህ እንዳልከው በአንድ ጉዞ ለ13 ደቂቃ።

እናቴ አንድ ጆሮዋ አይሰማም። ብስክሌትና እግረኛ ተቀላቅሎ በሚሄድበት መንገድ ላይ በየቀኑ ትራመዳለች። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ድምፅ የለውም፤ ከኋላ ሲመጣ ጤነኛ ጆሮ ያለውም ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ቀጥ ብላ እየሄደች ድንገት ወደ ግራ ብታዘነብል 25 የሚነዳው ምናልባት ይቆምላት ይሆናል። 32 የሚነዳው አይደርስም። ባለበት ይቆይ።

ብስክሌት ጠጋኝ፦

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ግን እኔ ጋ የሚመጣውን ልንገራችሁ።

ገደቡን በሶፍትዌር ነካክተው ያስነሱ ሰዎች ይመጣሉ። ብስክሌቱ ለ25 ተብሎ የተሠራ ነው። የፍሬን ሸራው አልቆ ብረቱ ዲስኩን እየፋቀው ይደርሳሉ፤ ባለቤቱ ድምፁን ሲሰማ የከረመ ቢሆንም ቆይ ነገ እያለ ነው የቆየው። የኋላ ጎማ ሽቦዎች ላልተው ወይም ተበጥሰው ይመጣሉ፣ ምክንያቱም ሞተሩ እዚያው ጎማ መሀል ላይ ነው ያለው፣ ከባድ ነው፣ ሰውየው ላይ ቦርሳና ዕቃ ተጨምሮ ጉድጓድ ሲመታ ሁሉም የሚያርፈው እነዚያ ሽቦዎች ላይ ነው። ሞተሩ መሀል ፔዳሉ ጋ ያለው ዓይነት ደግሞ ጉልበቱ በካቴናውና በማርሹ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ካቴና ቶሎ ይበላል። በጊዜ ካልቀየርከው ማርሹንም ይዞት ይሄዳል።

ረጅም መንገድ የምትሄዱ ሌላም ነገር አለ። የኋላ ጎማ ቢተነፍስባችሁ መንገድ ላይ ታወጡታላችሁ? ተራ ብስክሌት ላይ ቀላል ነው። ጎማው ላይ ሞተር ካለ መጀመሪያ ገመዱን ያሰረውን ፕላስቲክ ትቆርጣለህ፣ ሶኬቱን ሳታጣምም ቀጥ አድርገህ ትስበዋለህ፣ ከዚያ በሁለቱም በኩል ያለውን ዳዶ ትፈታለህ። ብዙዎቹ ላይ 18 ቁጥር ቁልፍ ነው የሚገባው። ስትመልስ የሶኬቱን ቀስት ከቀስት ጋር ካላገጠምክ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ይታጠፋል፤ ሞተሩ አይነሳም። አክሰሉ እንዳይዞር የሚይዘውን ቀለበት ረስተህ ካሰርክ ደግሞ ሞተሩ ጉልበት ሲሰጥ አክሰሉ ዞሮ ገመዱን ይበጥሰዋል። ከቤት 20 ኪሎሜትር ርቀህ ጨለማ ላይ የምትማረው ነገር አይደለም። ቤትህ በር ላይ ተለማመደው።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ ለ45 የተሠራ ብስክሌት ካለ ይነዳ። ለ25 የተሠራውን 45 ማስኬድን ግን አልደግፍም፤ አንድ ቀን ፍሬኑ እምቢ ይላል።

የባትሪ ነገር፦

ስለ ፍጥነት ስታወሩ ባትሪውን ማን አየው?

ባትሪ ላይ የተጻፈውን ቮልት በአምፒር ሰዓት አባዙት። 36 ቮልት፣ 14 አምፒር ሰዓት ቢሆን 504 ዋት ሰዓት ነው። ፔዳል እየረገጣችሁ በመጠነኛ እገዛ ስትሄዱ በኪሎሜትር 10 ዋት ሰዓት ገደማ ያስወጣል፤ ዳገት፣ ንፋስና ክብደት ሲጨመር 15ም ይደርሳል። 25 ሄዶ 25 ለመመለስ 500 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል ማለት ነው። አዲስ ባትሪ ጫፍ ላይ ያደርሳችኋል። ዓመታት ሲያልፉ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ ግን 403 ቀረ፤ መመለሻው ላይ አለቀባችሁ። ብርድ ሲመጣ ደግሞ ይብስበታል።

አሁን ፍጥነቱን አስገቡበት። ንፋሱ የሚመልሳችሁ ኃይል በፍጥነት ካሬ ነው የሚያድገው። ከ25 ወደ 32 ስትወጡ ንፋሱን ብቻ ለመግፋት በእያንዳንዱ ኪሎሜትር 64 በመቶ ተጨማሪ ይፈልጋል። እግረኛው ለግጭት የጠራው ቁጥር ራሱ ነው፣ ፊዚክሱ አንድ ስለሆነ። ፍጥነት ይጨመር ያለ ሰው ትልቅ ባትሪ ይጨመር ማለቱ ነው፤ ትልቅ ባትሪ ማለት ክብደት ነው፣ ክብደት ማለት ደግሞ ጠጋኙ የነገራችሁ ሽቦና ሸራ ነው።

እኔ ባለበት ይቆይ እላለሁ፤ ለሰው ሳይሆን ለራሱ ለነጂው ብዬ።

የሌሊት ፈረቃ ነርስ፦

እኔን ያናደደኝ ክርክሩ ሁሉ ቁጥር ላይ መሆኑ ነው። 25 ይሁን 32 ይሁን፣ ረጅም መንገድ ሰውን የሚያስቆመው ሌላ ነገር ነው።

ፈረቃዬ የሚያልቀው አውቶቡስ ገና ሥራ ሳይጀምር ነው። ስለዚህ ብስክሌቱ ለኔ የመዝናኛ ነገር አይደለም። ግን የሥራ ቦታዬ ባትሪ ሕንፃ ውስጥ እንዳይገባ ከልክሏል። ውጭ ደግሞ ሶኬት የለም። ባትሪውን ነቅዬ ይዤ እንዳልገባ ተከልክያለሁ፣ ብስክሌቱ ላይ ትቼው ብሄድ ይሰረቃል። ታዲያ ምን ላድርግ? ለመመለሻ እንዲበቃኝ ስሄድ እገዛውን ዝቅ አድርጌ፣ ላብ በላብ ሆኜ እደርሳለሁ፤ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ልሠራ ነው።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የሚቆለፍ ማቆሚያ፣ አንድ ሶኬት፣ መብራት ያለው መንገድ። 500 ዋት ሰዓት እኮ 2000 ዋት የውኃ ማፍያ ሩብ ሰዓት የሚበላው ኤሌክትሪክ ነው! ያንን ለመስጠት የሚሰስት ሥራ ቦታ ለመኪና ማቆሚያ ግን ሰፊ ግቢ አለው። ለሴት ደግሞ ጨለማ መንገድ ላይ 25 መሄድና 32 መሄድ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ልዩነቱ ያለው መንገዱ ሲበራና ሳይበራ ነው።

የባትሪ ነገር፦

እህቴ፣ ስለ ሶኬቱ ሙሉ በሙሉ ካንቺ ጋር ነኝ። ግን የሚከለክሉት ዝም ብለው አይደለም። ኒውዮርክ ከተማ በ2023 እ.ኤ.አ. ከሊቲየም ባትሪ እሳት ጋር በተያያዘ 18 ሰው ሞቷል። በዚያው ዓመት ከተማው ለኤሌክትሪክ ብስክሌት ዩኤል 2849 የሚባለውን የደኅንነት መመዘኛ ያላለፈ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክሏል። ባትሪ ውስጥ ከተደረደሩት ትንንሽ ባትሪዎች (ሴል ይባላሉ) አንዱ ሲጎዳ ሙቀቱ ወደ ጎረቤቱ ይተላለፋል፣ እንዲህ እያለ ይቀጣጠላል፤ አንዴ ከጀመረ በቀላሉ አይጠፋም። የወደቀ፣ ውኃ የገባበት፣ ተከፍቶ በሌላ ሴል የተጠገነ፣ ወይም በማይመጥነው ቻርጀር የሚሞላ ባትሪ ያስፈራል።

ስለዚህ መልሱ መከልከል አይደለም። መመዘኛ ያለፈ ባትሪ ብቻ፣ ከራሱ ቻርጀር ጋር፣ ከመውጫ በር ራቅ ባለ ቦታ፣ ሰው እያየው እንዲሞላ ማድረግ ነው። ሥራ ቦታችሁ ይሄንን ቢጽፍና ቢያስፈጽም ሁሉም ይተርፋል። አሁን በተከለከለበት ሁኔታ ሰው በድብቅ ጠረጴዛ ሥር ሰክቶ ነው የሚተወው፤ ያ ይበልጥ ያስፈራኛል።

ባለ ሞተር ሳይክል፦

45 የፈለገ ሰው ሞተር ሳይክል ይግዛ። ታርጋ አለው፣ ኢንሹራንስ አለው፣ መንጃ ፈቃድ አለው፣ ፍሬኑም ለፍጥነቱ የተሠራ ነው። እኔ ይሄን ሁሉ አሟልቼ ስነዳ ሌላው ፔዳል ስላለው ብቻ ከሁሉም ነፃ ሆኖ በኔ ፍጥነት ይሂድ የሚለው ነገር ፍትሐዊ አይመስለኝም። ፔዳሉን የሚነካውም ለይስሙላ ነው።

ባለ ረጅም መንገድ፦

ለይስሙላ ያልከው ስህተት ነው። በሰባት የአውሮፓ ከተሞች ተሠርቶ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ፤ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች በሳምንት የሚያደርጉት የአካል እንቅስቃሴ ተራ ብስክሌት ከሚነዱት ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ነው የተገኘው። ምክንያቱም ሞተሩ ቢያግዝም የሚሄዱት ርቀት ረዘም ይላል። የኔም ዓይነት ሰው እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ከሞተር ሳይክል ጋር አንድ አታድርገን።

ታርጋውንና ኢንሹራንሱን ግን እቀበላለሁ። አውሮፓ ውስጥ እስከ 45 የሚያግዘው ዓይነት አለ፤ እንደ አነስተኛ ሞተር ሳይክል ነው የሚቆጠረው፣ ታርጋና ኢንሹራንስ ይጠየቃል። እሱን ብነዳ ደስ ይለኛል። ችግሩ የት ልንዳው ነው። ኔዘርላንድስ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተማ ውስጥ በአብዛኛው ከብስክሌት መስመር አውጥታ ወደ መኪናው መንገድ አስገብታዋለች። ነጂዎቹም 45 የማይሞላ ፍጥነት ይዘው 50 ከሚሄዱና ከኋላ ክላክስ ከሚነፉ መኪናዎች ጋር እንድንጋፋ ተደረግን ይላሉ። ቤልጂየም ውስጥ የብስክሌት መስመር ላይም ስለሚፈቀድለት ለሥራ የሚመላለስበት ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ሕጉ ተሽከርካሪውን መፍቀዱ ብቻውን አይበቃም፤ መንገድ ካልሰጠው የፈቀደው በወረቀት ላይ ነው።

እግረኛ፦

እዚህ ጋ ልንገናኝ እንችላለን።

ከከተማ ውጭ፣ ከተማ ከከተማ በሚያገናኘው ሰፊ የብስክሌት መንገድ ላይ፣ እግረኛ በሌለበት፣ ታርጋ ያለው ብስክሌት 45 ይሂድ፤ ጉዳዬ አይደለም። ከ25 ኪሎሜትሩ አብዛኛው እንዲህ ያለ መንገድ ከሆነ ያለምከውን ደቂቃ እዚያው ታገኘዋለህ። ከተማ ውስጥ ስትገባ ግን፣ እግረኛ ባለበት ሁሉ 25። ባዶ ቢመስልም 25።

ብስክሌት ጠጋኝ፦

ይሄ በሥራ ላይ የሚውል ነገር ነው። ለሁለቱም ፍጥነት የተሠራ ፍሬንና ጎማ ያለው ብስክሌት ላይ ከሆነ እኔም እስማማለሁ። ግን ማን ይቆጣጠራል? ሶፍትዌሩን የነካካውን ሰው መንገድ ላይ በዓይን አትለየውም፤ እኔ ራሴ የማውቀው ፈትቼ ሳየው ነው።

የሌሊት ፈረቃ ነርስ፦

ለቁጥጥሩ ስትከራከሩ የኔን ሶኬት አትርሱት። የፍጥነት ሕግ ለማሻሻል ምክር ቤት ያስፈልጋል፣ ዓመታት ይፈጃል። አንድ የሚቆለፍ ክፍልና የባትሪ መመሪያ ግን አንድ አስተዳዳሪ ቢፈርምበት ያልቃል። ከላይ የተጻፈውን የባትሪ ምክር በደብዳቤ አድርጌ ላስገባላቸው ነው። ሥራ ቦታው ተመሳሳይ መመሪያ ያወጣ ሰው ካለ ምን ብለው እንደጻፉት እዚህ ያስቀምጥልኝ።