ያልከፈልኩበት ሶፍትዌርና ከሰው ማሽን ላይ የሚቀዳ ሥራ፦ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የአዳማዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ ትንሽ የዲዛይንና የኅትመት ቤት አለኝ። የሠርግ ጥሪ፣ ባነር፣ የምርቃት መጽሔት እሠራለሁ። ሁለቱ ኮምፒውተሮቼ ሲገዙ ፎቶሾፑም፣ ኢለስትሬተሩም፣ ኦፊሱም ተጭኖባቸው ነው የመጡት። ሻጩ "ሙሉውን ጭኜልሻለሁ" አለኝ፤ እኔም አመስግኜ ወሰድኩ።

ባለፈው ወር የራሴን የጥሪ ካርድ ዲዛይን ሌላ ቤት ስም ብቻ ቀይሮ ሲሸጠው አየሁ። ሁለት ሌሊት ያደርኩበት ሥራ ነው። ደውዬ ተቆጣሁ። ስልኩን ስዘጋ ፊት ለፊቴ ተከፍቶ ያለው ያልከፈልኩበት ፕሮግራም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውስጤ እረፍት አጣ።

ሌላው የታላቅ ወንድሜ ጉዳይ ነው። ብየዳ ቤት አለው። አንድ ደንበኛ ከውጭ የመጣ የበቆሎ መፈልፈያ አምጥቶ "ልክ እንደዚህ አምስት ሥራልኝ" ብሎታል። ይህስ ስርቆት ነው?

በየወሩ በዶላር የምከፍልበት መንገድ የለኝም። እባካችሁ ከወቀሳው ይልቅ የሚሠራ ነገር ንገሩኝ።

ጥገና ቤት

እህቴ፣ እኔ ራሴ ለዓመታት ክራክ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ ፕሮግራም) ስጭን ነበር። ያስቆመኝ አንድ የፎቶ ቤት ነው። የጫንኩላቸው ክራክ ውስጥ ቫይረስ ነበረበት፤ ፋይላቸውን በሙሉ ቆልፎ ገንዘብ ጠየቃቸው። የሦስት ዓመት የሠርግ ፎቶ ጠፋ። ባለቤቷ አልሰደበችኝም፤ አለቀሰች ብቻ። እስከዛሬ ይከነክነኛል።

ክራክ ስትጭኚ መጀመሪያ የሚነግሩሽ "አንቲቫይረሱን አጥፊው" ነው። ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ወለል አድርጎ መክፈት ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ይቆይና ዛሬውኑ ሥራሽን ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጪ። ገልብጠሽ ስትጨርሺ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ንቀይው።

የመርካቶ ልጅ

እኔ ግን በሐቅ ልናገር። ፎቶሾፕን የተማርኩት በክራክ ነው። ያኔ ቤተሰቤ የኮምፒውተሩን ዋጋ እንኳ በዕቁብ ነው የሸፈነው። የፎቶሾፕ አምራቹ አዶቤ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አዲሶቹን ፕሮግራሞች አንዴ ገዝተሽ የራስሽ የምታደርጊያቸው አይደሉም፤ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ነው የሚከፈለው። የእኛ አገር ልጅ ያንን ከየት ያመጣል? ትልቁ ኩባንያ በእኔ ምክንያት አንድ ሳንቲም አልጎደለበትም።

ኮድ ጸሐፊዋ

ወንድሜ፣ ችግሩን አውቀዋለሁ፤ እኔም ከዚያው ነው የወጣሁት። ግን የምትለው ነገር እኔ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። ለመድኃኒት ቤቶች የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። ዓመት ከምናምን ፈጀብኝ። ለአንድ መድኃኒት ቤት ሸጥኩ። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች አራት ቤቶች ውስጥ አየሁት፤ በፍላሽ ተገልብጦ። አንደኛው ሳይከፍለኝ "ችግር አለበት፣ ነይ አስተካክይልን" ብሎ ደወለልኝ።

ከትልቅ ኩባንያ መውሰድ የለመደ እጅ እኔ ጋ ሲደርስ አይቆምም። እኔ የምሰጋው ይህን ነው። ተማሪ ሆኖ በክራክ መለማመድና በክራክ ሠርቶ ደንበኛ ማስከፈልም ለእኔ አንድ አይደሉም። የአዳማዋ፣ አንቺ አሁን እያስከፈልሽ ነው።

ሕግ ያጠና

ሁለቱ ጥያቄዎችሽ በሁለት የተለያዩ ሕጎች ነው የሚታዩት።

ሶፍትዌር በቅጂ መብት ሕግ ሥር ነው፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996። ሕጉ ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማባዛትን ቢፈቅድም ሶፍትዌርን ከዚያ ያወጣዋል። ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ግን መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ ይችላል። መብቱን ሆን ብሎ መጣስ በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። የጥሪ ካርድሽም በዚሁ አዋጅ ይጠበቃል፤ ሳታስመዘግቢውም ቢሆን። ስለዚህ መቆጣትሽ ልክ ነው።

ማሽኑ የፓተንት (ለአዲስ ፈጠራ ባለቤት የሚሰጥ ብቸኛ መብት) ጉዳይ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 123/1987። ፓተንት የሚሠራው በተመዘገበበት አገር ብቻ ነው። እዚህ ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከታየ 5 ዓመት ይጨመራል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ውጭ አገር ፓተንት ኖሮት እዚህ ያልተመዘገበን ቴክኖሎጂ አምጥቶ ሥራ ላይ ለሚያውል ሰውም እስከ 10 ዓመት ፓተንት ይሰጣል። ስለዚህ ወንድምሽ ብረት ሳይቆርጥ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዶ ይጠይቅ።

ሞረድና መዶሻ

ልጄ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ማሽን ፈትቼ ነው የተማርኩት። ማንም ብየዳ ቤት እንደዚያው ነው። የበቆሎ መፈልፈያ አሠራሩ የቆየ ነው፤ የሚሽከረከር ከበሮ፣ ጥርስ፣ ወንፊት። ይህን መሥራት ገበሬውን መርዳት ነው። የማልነካው ሁለት ነገር አለ። የሌላውን ስምና ምልክት አልለጥፍም። ሰፈሬ ያለ ልጅ ደክሞ ያወጣውን አዲስ ነገርም ሳልጠይቀው አልቀዳም።

በጤፍ ጉዳይ ሁላችንም ተቆጥተናል። የሆላንዱ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት ሲያወጣ አያቶቻችን የሚያውቁትን ወሰደብን አልን። የሄግ ፍርድ ቤትም በ2018 (እ.ኤ.አ.) "የፈጠራ እርምጃ የለበትም" ብሎ የሆላንዱን ፓተንት ሻረው። እንግዲህ በእኛ ላይ ሲሆን የሚያንገበግበን ከሆነ፣ በሌላው ላይ ስናደርገውም እንወቀው። ለወንድምሽ ንገሪው፤ አንዱን ፈትቶ ይማርበት፣ ከዚያ ለእኛ በቆሎ የሚስማማውን ራሱ ያሻሽል።

ቀለምና ወረቀት

ወደ ሥራው ልመለስ። እኔ የኅትመት ቤቴን ወደ ነጻ ሶፍትዌር ካዞርኩ ቆየሁ። ለጽሑፍ ሊብሬኦፊስ፣ ለሎጎና ለካርድ ኢንክስኬፕ፣ ለፎቶ ጂምፕ ወይም ክሪታ፣ ለመጽሔት ስክሪበስ። ለፊደል አቢሲኒካ እና ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ፤ ሁለቱም በነጻ ፈቃድ ነው የተለቀቁት፣ ለንግድም ይሆናሉ።

ከባዱ ቀለሙ ነው። ኢንክስኬፕ የሚሠራው በስክሪን ቀለም ነው። ማተሚያ ቤት የሚፈልገውን የአራት ቀለም ፒዲኤፍ በስክሪበስ አውጪው። መጀመሪያ ላይ ቀይሽ ይደበዝዝብሻል፤ ናሙና ሳታሳትሚ ሙሉ ትዕዛዝ አትቀበዪ። ሁለቱንም ኮምፒውተር በአንድ ቀን አትቀይሪ። አንዱን አዙሪ፣ ሁለት ወር ተለማመጂ። የድሮ ፋይሎችሽንም በፒዲኤፍና በኤስቪጂ (ኢንክስኬፕ በሚጠቀምበት የፋይል ዓይነት) አስቀምጪ፤ እንዳሉ ከተተዉ በኋላ በትክክል ላይከፈቱልሽ ይችላሉ።

የአዳማዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ትናንት ማታ ሥራዬን በሙሉ ገለበጥኩ። አንዱን ኮምፒውተር ፎርማት አስደርጌ ኢንክስኬፕና ስክሪበስ ጫንኩ። የመጀመሪያው ካርድ አራት ሰዓት ፈጀብኝ፤ በድሮው አንድ ሰዓት አይሞላም ነበር። ቀዩም እንደተባለው ደበዘዘ። ሁለተኛው ኮምፒውተር እጄ ላይ ያሉት የምርቃት መጽሔቶች እስኪያልቁ ይቆያል።

ወንድሜ ሰኞ አዲስ አበባ ሄዶ ይጠይቃል። እስከዚያ ደንበኛውን ቀብድ አልተቀበለውም።

ካርዴን የወሰደው ልጅ ጋ ነገ በአካል እሄዳለሁ። በስልክ ጮኼበት ነበር፤ አሁን ቁጭ ብዬ ላናግረው።