1,000,001 ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ ያለ ቀሪ የማይካፈል) ነው?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ 1,001 ለ7፣ ለ11ና ለ13 ያለ ቀሪ ይካፈላል። 1,000,001ስ? ያለ ካልኩሌተር እንዴት ይታወቃል?

መልስ (ሸዋ ሮቢት)፦ ከቀኝ ጀምረህ ሦስት ሦስት አሃዝ ቁረጥ፤ አንዱን ደምር፣ ቀጣዩን ቀንስ፦ 1−0+1=2። 2 ለሦስቱም ስለማይካፈል ቁጥሩም አይካፈልም። መልኩ ከ1,001 ጋር ስለሚቀራረብ ብዙ ተማሪ እዚህ ይሸወዳል።

መልስ (መሐል ሜዳ)፦ ብቸኛ ግን አይደለም። ሁለት ሁለት ስትቆርጠው 1−0+0−1=0፤ ስለዚህ ለ101 ይካፈላል፣ 100 ከ101 በአንድ ብቻ ያንሳላ። ከግራ እንዳትጀምር፣ አሃዞቹ ሰባት ስለሆኑ አቆራረጡ ይበላሻል። ድርሻው 9,901 ነው። እሱ ብቸኛ ነው፤ 100×100 ስለሚበልጠው እስከ 97 ባሉት 25 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል። አሰልቺ ነው፣ ግን ያልቃል።

ጠያቂ፦ የ1,000,001 አካፋዮች አራት ብቻ (1፣ 101፣ 9,901ና ራሱ)፣ ድምራቸው 1,010,004?

መልስ (መሐል ሜዳ)፦ ልክ ነህ፣ (1+101)×(1+9,901)፣ ማለትም 102×9,902።