14 አልጋ ያለው የሱስ ማገገሚያ ቤት፦ የሌሊት በር፣ የመስኮት ብረትና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ ቪላ ተከራይተን ከአልኮልና ከጫት ሱስ ለሚያገግሙ ሰዎች ማደሪያ ያለው ማዕከል ልንከፍት ነው። 14 አልጋ፣ አንድ ደረጃና አንድ ዋና በር አለው። መስኮቶቹ በሙሉ የብረት ፍርግርግ ተበይዶባቸዋል፤ አከራዩ እንዲነሳ አይፈልግም። ማታ ሰው ወጥቶ እንዳይሄድብን በሩን በጓጉንቸር ልንዘጋ አስበናል። ነርሷ የምትሠራው ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ሌሊት አንድ ጥበቃ ብቻ ያድራል። ያለን ሮቶ 1,000 ሊትር ነው። ለፈቃድ ከማመልከታችን በፊት ምን እናስተካክል?

መልስ 1 (የእሳት ደህንነት ባለሙያ)

ከበሩ ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሰው የተኛበት ቤት በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ መከፈት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2006 ሞስኮ ውስጥ በአንድ የሱስ ሕክምና ሆስፒታል በተነሳ እሳት 45 ሴቶች ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሊማ፣ ፔሩ ውስጥ በአንድ ማገገሚያ ቤት ቢያንስ 27 ሰዎች አልቀዋል። ሁለቱም ጋ መስኮቱ በብረት የታጠረ፣ መውጫውም የተቆለፈ ነበር። እሳቱ ሳይደርስ ጭሱ ይቀድማል፤ ቁልፍ የያዘው ጥበቃ ኮሪደር ላይ ራሱን ከሳተ ቁልፉም እሱ ጋ ይቀራል።

ጓጉንቸሩን ተዉትና ከውስጥ በእጅ ብቻ የሚዞር መዝጊያ አስገቡ። በሩ ሲከፈት የሚጮህ ባለ ማግኔት ትንሽ ደወል ግጠሙ። መሄድ የፈለገ ሰው ሲነሳ ሠራተኛው ይሰማል፣ ቁጭ አድርጎ ያነጋግረዋል። ሰውን የሚያቆየው ይህ ነው።

አከራዩን ብረቱን ላንሳ አትበሉት። በእያንዳንዱ መኝታ ክፍል የአንዱን መስኮት ፍርግርግ ከፍሬሙ ቆርጣችሁ በማጠፊያ መልሳችሁ ግጠሙት፤ ወርዱ ከ50፣ ቁመቱ ከ70 ሴንቲ ሜትር አይነስ። መቀርቀሪያው በውስጥ በኩል ይሁን፣ ከውጭ እጅ እንዳይደርስበት ፊቱ ላይ ላሜራ ይበየድ። እንዲህ ከሆነ ሌባም አይገባም፣ አከራዩም ይስማማል። ፎቅ ላይ ግን መስኮት ብቻውን አያድንም። ከውጭ በኩል የብረት ደረጃ ሥሩ፤ እስኪሠራ ድረስ አዲስ ገቢዎችን፣ አቅመ ደካሞችንና የሚያስተኛ መድኃኒት የሚወስዱትን ምድር ቤት አስተኙ።

የጭስ ደወል በየመኝታ ክፍሉና በኮሪደሩ ይኑር። በየፎቁ ባለ 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ፣ ወደ መውጫው በሚወስደው መንገድ ላይ ይሰቀል። ወጥ ቤት የእሳት ብርድ ልብስ ያስፈልጋል፤ የተቀጣጠለ ዘይት ላይ ውኃ መድፋት ነበልባሉን ጣሪያ ያደርሰዋል። የጋዝ ሲሊንደሩ ከቤት ውጭ ይቀመጥ፣ ጎማው በሳሙና አረፋ ይፈተሽ፦ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል።

ከሰልን ለብቻው ላንሳው። ቡና ተፈልቶበት ለሙቀት ተብሎ ወደ መኝታ ክፍል የሚገባ ምድጃ ሽታም ቀለምም በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ተኝቶ እንዲቀር ያደርጋል። ቡና በረንዳ ላይ ይፈላ፣ ፍሙ በውኃ ይጥፋ።

ልምምዱን በጨለማ፣ ሰው ከተኛ በኋላ አድርጉ። ሁሉም ውጭ እስኪቆጠር ከ3 ደቂቃ በላይ ከፈጀ የት እንደዘገየ ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረጃው ሥር የተከመረ ዕቃ ወይም ፍራሽ ነው። የእሳት አደጋ መከላከያ ስልክ 939 ግድግዳ ላይ በትልቁ ይጻፍ።

መልስ 2 (የአእምሮ ጤና ነርስ)

እኔን ከበሩ እኩል ያስፈራኝ ነርሷ 12 ሰዓት ላይ መውጣቷ ነው። ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው ሲያቆም በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውነቱ ሊንዘፈዘፍ ይችላል። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ደግሞ ቀንና ቦታ የሚጠፋበት፣ የሌለ ነገር የሚያይበት፣ የሚያተኩስ ቅዠት ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ይገድላል። ሌሊት ነርስ ከሌላችሁ ጠጪውን ከመጠጥ በቀጥታ አትቀበሉ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሆስፒታል አሳልፎ ይምጣ።

ነርስ ቢኖራችሁም ከዚህ በፊት ሲያቆም ተንዘፍዝፎ ወይም ቃዥቶ የሚያውቅ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ነፍሰ ጡር፣ የልብ ምቷ ወይም ምቱ በደቂቃ ከ120 በላይ የሆነ ሰው መጀመሪያ ወደ ሐኪም ይሂድ። ሌላው ሲገባ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ሙቀትና የደም ስኳር ይለካ፤ እስከ 72 ሰዓት በየ4 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ይደገም። ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ከግሉኮስ በፊት መሰጠት አለበት፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አንጎል ሊጎዳ ይችላል። ዳያዜፓም በሐኪም ትእዛዝ፣ በልዩ ማዘዣ ብቻ ነው።

ሰው ሲንዘፈዘፍ ጥበቃውም ማወቅ አለበት፦ በጎኑ አስተኙት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ልብስ አድርጉ፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪት አታሽትቱት። ሰዓት ያዙ፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ፤ መጠጥ ያቆመ ሰው መንዘፍዘፉ ቶሎ ቢቆምም ሆስፒታል ይሄዳል።

ጫት ያቆመ ሰው እንቅልፍ፣ ድብርትና መጥፎ ሕልም ይበዛበታል። ሰውነቱ ላይ አደጋ ያን ያህል ባይሆንም ድብርቱ ራስን ወደ መጉዳት ሊሄድ ስለሚችል በግልጽ ጠይቁት፣ ብቻውን ክፍል አትስጡት።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሌሊት ነርስ እንቀጥራለን። መድኃኒቱንና ውኃውንስ?

መልስ 3 (የአካባቢ ጤና ባለሙያ)

ውኃውን ቁጠሩ፦ 14 ታካሚና 4 ሠራተኛ እያንዳንዳቸው በቀን 50 ሊትር ቢጠቀሙ 900 ሊትር ነው። የናንተ ሮቶ አንድ ቀን ብቻ ያቆያል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሦስት ቀን 3,000 ሊትር ያስፈልጋል።

5 በመቶ በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ ሲበጠበጥ 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ደምና ትውከት የነካው ወለል በዚህ 10 ደቂቃ ይቆይ። ቆሻሻው መጀመሪያ ይጠረግ፣ አለዚያ የክሎሪኑን ኃይል ይበላዋል። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ። ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በረኪናን በሃይላንድ ማስቀመጥም ይቅር፤ ሌሊት የጠማው ሰው ውኃ መስሎት ያነሳዋል። በአልኮል የተሠራ የእጅ ማጽጃም እንዲሁ ይጠጣል፣ ሳሙናና ውኃ ይበቃል።

መድኃኒት ግድግዳ ላይ በታሰረ ባለ ሁለት ቁልፍ ሣጥን ይሁን። ፈረቃ ሲቀየር ወጪው ነርስና ገቢው ነርስ አብረው ፍሬውን ቆጥረው ይፈርሙ። ቁጥሩ ካልገጠመ ማንም ወደ ቤቱ አይሂድ።

በአልጋዎች መካከል 1 ሜትር ይኑር፣ መስኮት ቀን ይከፈት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል፣ ሌሊት የሚያልበው፣ የከሳ ሰው ከሌሎች ጋር ከመተኛቱ በፊት የቲቢ ምርመራ ያድርግ።