ታሆ ለኢንቴል ማክ የመጨረሻው ነው ተባለ፤ ሰርግ ኤዲት የምናደርግና ካሴት የምንገለብጥ ምን እናድርግ?

ሰርግ_ኤዲተር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አፕል ሰኔ 2 (በፈረንጆቹ ጁን 9 ቀን 2025) ባቀረበው ገለጻ፣ የስሪት ቁጥሩ ከ15 በቀጥታ ወደ 26 የዘለለው ማክኦኤስ ታሆ (የማክ ኮምፒውተር ሲስተም) በኢንቴል ማክ (የኢንቴል ቺፕ ባለው የቆየ ማክ) ላይ የሚሠራ የመጨረሻው ስሪት እንደሆነ አሳውቋል።

ስቱዲዮው ውስጥ ሁለት ማክ አለ። አንዱ የ2019 ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ነው፤ ኮር አይ7፣ 16 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ ኤስኤስዲ። ሌላው የ2018 ማክ ሚኒ ነው። ሁለቱም ሴኮያ (ማክኦኤስ 15) ላይ ናቸው። ዋናው ሥራ ሰርግ ነው፤ 4ኬ፣ 10 ቢት፣ 4፡2፡2 ኤችኢቪሲ (ብዙ የቀለም መረጃ የያዘ የተጨመቀ ቪዲዮ)፣ በፋይናል ከት (የአፕል ቪዲዮ ማቀናበሪያ)። ከዚያ በተጨማሪ ደንበኞች የሚያመጡትን የድሮ ሚኒ ዲቪ ካሴት ከካሜራው በፋየርዋየር (በቆየው የገመድ ማገናኛ) እያስገባን እንገለብጣለን።

ማወቅ የምፈልገው፦ የትኛው ማክ ታሆን ይቀበላል? ፋየርዋየር ቀርቷል የሚባለው እውነት ነው? ገንዘብ ማውጣት ካለብኝስ በቅድሚያ ምን ልግዛ?

ማክ_ጥገና

ወንድም፣ ማክቡኩ ይቀበላል፣ ሚኒው አይቀበልም። ታሆ የሚገባባቸው ኢንቴሎች አራት ብቻ ናቸው፤ የ2019 ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ፣ አራት ተንደርቦልት 3 ያለው የ2020 ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ፣ የ2020 ባለ 27 ኢንች አይማክ እና የ2019 ማክ ፕሮ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ2019 ባለ 15 ኢንች ማክቡክ ፕሮም ባለ 16 ኢንችም ወጥቷል። ባለ 15ቱ ወድቋል። የ2020 ባለ 13 ኢንቹም እንዲሁ፤ በግራ በኩል ሁለት ቀዳዳ ብቻ ካለው አያልፍም፣ በግራ ሁለት በቀኝ ሁለት ካለው ያልፋል። በሻጭ ቃል አትመኑ፤ ከአፕል ምልክቱ ሥር «አባውት ዚስ ማክ» የሚለውን ከፍታችሁ ሞዴሉን አንብቡ።

መደናገጥ አያስፈልግም። ታሆን የሚቀበሉት ኢንቴሎች ከዚያ በኋላ ለ3 ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ እንደሚያገኙ አፕል ተናግሯል። ሴኮያ ላይ የቀሩትም ቢሆኑ፣ ኩባንያው በልማዱ ከአዲሱ ሌላ ያለፉትን ሁለት ስሪቶች ስለሚጠግን፣ በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ አይቀሩም።

በጁን 2025 የወጣው ቤታ (ለሙከራ የሚለቀቅ ስሪት) ነበር። የደንበኛ ሥራ ባለበት ማሽን ላይ ቤታ በፍጹም አትጫኑ። የግድ ማየት ያማረው ሰው በዲስክ ዩቲሊቲ ሌላ ቮልዩም ጨምሮ እዚያ ላይ ይጫነው፤ ቢያንስ 60 ጊጋ ባዶ ቦታ ያዘጋጅ። ሲስተሙን በኋላ ማጥፋት ይቻላል፣ አብሮት የሚታደሰው ፈርምዌር (የማሽኑ ውስጣዊ ሶፍትዌር) ግን በቀላሉ ወደኋላ አይመለስም።

ካሴት_ወደ_ፋይል

ፋየርዋየር በታሆ የመጀመሪያ ቤታ ውስጥ አልነበረም። መጨረሻ ላይ ይመልሱት ይሆናል ብሎ ሥራ ማቀድ አያዋጣም፤ እንደቀረ ቁጠረው። ካሜራው ብቻ አይደለም፤ በፋየርዋየር ብቻ የሚገናኝ የድምፅ ካርድና ሃርድ ዲስክም አብሮ ይቀራል።

ለአንተ ግን መልሱ ጠረጴዛህ ላይ ነው። ታሆን የማይቀበለው ማክ ሚኒ ከዛሬ ጀምሮ የካሴት ማሽን ይሁን። ሴኮያ ላይ ይቆይ። በሲስተም ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ ሶፍትዌር አፕዴት ውስጥ ማክኦኤስ በራሱ እንዲጭን የሚለውን አጥፋ፣ የደኅንነት ማሻሻያውን ግን ተወው። የሴኮያን ሙሉ መጫኛ አሁኑኑ አውርደህ 32 ጊጋ ፍላሽ ላይ አስቀምጥ። ኤስኤስዲው አንድ ቀን ቢበላሽ ያኔ ፍለጋ አትገባም።

የገመዱ ሰንሰለት በቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ከማክ ሚኒው ተንደርቦልት 3 ቀዳዳ የአፕል ተንደርቦልት 3 ወደ ተንደርቦልት 2 አስማሚ፣ ከእሱ የአፕል ተንደርቦልት ወደ ፋየርዋየር አስማሚ፣ ከእሱ ባለ 9 ፒን ወደ ባለ 4 ፒን የፋየርዋየር ገመድ፣ ከዚያ ካሜራው። ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ ሚኒ ዲስፕሌይፖርት አስማሚ ቅርጹ ከተንደርቦልት 2 ጋር ቁርጥ አንድ ነው፤ የመብረቅ ምልክት ከሌለው አይሠራም። ሁለተኛው፣ በርካሽ የሚሸጠው «ዩኤስቢ ወደ ፋየርዋየር» የሚባለው ቁራጭ ውስጡ ሽቦ ብቻ ነው። ምልክቱን የሚተረጉም ቺፕ ስለሌለው ቪዲዮ አያስተላልፍም፤ የካሜራውን ፖርት ሊያቃጥልም ይችላል። የካሜራው የራሱ ዩኤስቢም አይረዳም፤ በብዙዎቹ ላይ ለፎቶ ወይም ለደካማ ምስል የተሠራ ነው።

ስትገለብጥ መጀመሪያ ካሜራውን አጥፍተህ ገመዱን ሰካ፣ ከዚያ በማጫወቻው ሞድ አብራው። ባትሪ አትመን፣ ቻርጀሩ ላይ ይሁን። ካሜራው የሶኒ ኤችዲቪ ከሆነ የማጫወቻውን ሜኑ ወደ ዲቪ የምታዞረው ገመዱ ሳይሰካ ነው፤ ከተሰካ በኋላ ብትቀይረው ማኩ የድሮውን ማንነት ይዞ ካሜራውን አያየውም። ፋይናል ከት ውስጥ ኢምፖርት ሚዲያ ስትከፍት ካሜራው በግራ በኩል ይመጣል። የ60 ደቂቃ ካሴት የሚፈጀው 60 ደቂቃ ነው፣ ማፋጠኛ የለም። በሰዓት ወደ 13 ጊጋ ይይዛል።

ምስሉ በካሬ በካሬ ከተቆራረጠ ሄዱ (ካሴቱን የሚያነበው የካሜራው ክፍል) ቆሽሿል ማለት ነው፤ ደረቅ ማጽጃ ካሴት ለ10 ሰከንድ ያህል አጫውት፣ አትደጋግመው፣ ሄዱን ይበላዋል። ክሊፑ በየመሃሉ እየተቆረጠ ከገባ ግን ጉዳቱ ሌላ ነው፤ የሚቀርጸው ሰው እያቆመና እያየ ስለቀረጸ ታይምኮዱ (ካሴቱ ላይ አብሮ የሚቀረጸው የሰዓት ቁጥር) ተቋርጧል፣ ፋይናል ከትም እዚያ ላይ አዲስ ክሊፕ ይጀምራል። ይህ ስህተት አይደለም።

አገር ቤት የተቀረጸው ፓል (የቪዲዮ ደረጃ) ነው፤ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ካሴት ግን 720 በ480፣ 29.97 ነው። ሁለቱን አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ከትተህ ኤክስፖርት ካደረግህ እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል። ለየብቻ ያዛቸው። ዋናውን የዲቪ ፋይል ሳትጨምቀው ለደንበኛው ስጠው፣ ለስልክ የሚሆነውን ትንሽ ኮፒ ከእሱ አውጣ። የቤተሰብ ካሴት ዳግመኛ የሚገለበጥበት ዕድል ጠባብ ነው፤ ማግኔቱም ካሜራውም እያረጁ ነው።

ድምፅ_ክፍል

ስለ ሮዜታ ያነሳ የለም። ወደ ኤም ቺፕ (አፕል ራሱ የሠራው የአዲሶቹ ማኮች ቺፕ) የሚሄድ ሰው ይህን ካላየ በኋላ ይቸገራል። ለኢንቴል የተጻፉ ፕሮግራሞችን በአዲሶቹ ቺፖች ላይ የሚያስኬደው ሮዜታ እስከ ማክኦኤስ 27 ድረስ ብቻ እንደሚቆይ አፕል በዚያው ሰሞን ተናግሯል። ከዚያ ወዲያ የሚተርፈው ለአንዳንድ የቆዩ ጌሞች የሚሆነው ክፍል ነው።

አሁን ኢንቴሉ ላይ ሆናችሁ ዝርዝር አውጡ። ሲስተም ኢንፎርሜሽን ከፍታችሁ አፕሊኬሽንስ የሚለውን ጫኑ፤ «ካይንድ» በሚለው ዓምድ ላይ ዩኒቨርሳል ካለ ደኅና ነው፣ ኢንቴል ብቻ ካለ አዲስ ስሪት ፈልጉለት። ፕለጊኖች (ፕሮግራም ውስጥ የሚጨመሩ ማሟያዎች) እዚያ ዝርዝር ውስጥ አይታዩም፤ የሚያስቸግሩት ደግሞ እነሱ ናቸው። ኤም ቺፕ ላይ ሎጂክ ፕሮ (የአፕል የድምፅ ማቀናበሪያ) የኢንቴል ኦዲዮ ዩኒቶችን (የድምፅ ፕለጊኖችን) በሮዜታ በኩል በራሱ ያስኬዳል። ብዙዎቹ ሌሎች ፕሮግራሞች ግን በኤም ቺፕ ሞድ ሲከፈቱ የኢንቴል ፕለጊኑን ከዝርዝሩ ያወጡታል፣ የድሮው ፕሮጀክትም ድምፁ ተለውጦ ይከፈታል። መፍትሔው ኢንቴሉ ሳይሸጥ በፊት ያለቁትን ፕሮጀክቶች ትራክ በትራክ ወደ ዋቭ ማውጣት ነው።

በቡት ካምፕ ዊንዶውስ ለሚጠቀም ሰው፦ ኤም ቺፕ ላይ ቡት ካምፕ የለም። በፓራለልስ (ዊንዶውስን ማክ ውስጥ በሚያስኬደው ፕሮግራም) የሚገባው ዊንዶውስ 11 ለአርም (ኤም ቺፕ ለሚከተለው የቺፕ ዓይነት) የተሠራው ነው። ተራ ፕሮግራሞችን ይተረጉማል፣ ለኢንቴል የተጻፈ ድራይቨር ግን አይቀበልም። ስለዚህ በዩኤስቢ ቁልፍ የሚከፈት ሶፍትዌር ያለው ሰው ቁልፉ ለአርም ድራይቨር እንዳለው ሳያጣራ ማሽን አይቀይር።

ሰርግ_ኤዲተር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሚኒው ነገር ገብቶኛል። ማክቡኩስ? 4፡2፡2ው ላይ ታይምላይኑ ይጎተታል። ኤም1 ኤር ባለ 8 ጊጋ በቅናሽ አግኝቻለሁ፤ ይበቃል?

ከቨርጂኒያ

የሚጎተተው ራም አንሶት አይመስለኝም። ባለ 16 ኢንቹ ላይ ያለው የኢንቴል ቺፕ 4፡2፡2 ኤችኢቪሲን በሃርድዌር አይፈታም፣ ሁሉንም ፍሬም ሲፒዩው ነው የሚሸከመው። ከኤም1 ጀምሮ ያሉት ቺፖች ይህን በሃርድዌር ይፈቱታል። ስለዚህ ኤም1 ኤር እንኳ ታይምላይን ላይ ከአንተ ማክቡክ ይቀላል። ለሰርግ ግን 8 ጊጋውን አልመክርም፤ ሦስት ካሜራ በአንድ ላይ (መልቲካም) ስትከፍት ራሙ ይሞላና ኤስኤስዲውን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል። ኤስኤስዲው ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ሲያልቅ አይቀየርም።

በቅደም ተከተል የምመርጠው፦ ያገለገለ ከሆነ የ2021 ባለ 14 ኢንች ኤም1 ፕሮ። ሲነሳ ራሙ 16 ጊጋ ነው፣ የፕሮሬስ (የአፕል የኤዲቲንግ ቪዲዮ ፎርማት) ሞተር አለው (ተራው ኤም1 የለውም)፣ የኤስዲ ካርድና የኤችዲኤምአይ ቀዳዳም አለው። አዲስ ከሆነ ኤም4 ማክ ሚኒ፤ 16 ጊጋ ራም ይዞ አሜሪካ ውስጥ በ2025 ከ599 ዶላር ይጀምር ነበር። 256 ጊጋው ለቪዲዮ አይበቃም፣ ግን የአፕልን ማስፋፊያ ከመክፈል የውጭ ኤስኤስዲ ገዝቶ ላይብረሪውን እዚያ ላይ ማድረግ ይረክሳል። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈርም አይከብድም፤ ከፍተኛ ፍጆታው 65 ዋት ስለሆነ ትንሽ ዩፒኤስ ይሸከመዋል። ሞኒተሩን መደመር አትርሳ።

ዘመድ ከአሜሪካም ሆነ ከዱባይ ያገለገለ ሲያመጣላችሁ አንድ ነገር አስደርጉት። እዚያው ሻጩ ፊት ማኩን ሙሉ በሙሉ ኢሬዝ አድርጎ፣ ዋይፋይ አገናኝቶ እንደ አዲስ ያስጀምረው። «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ገጽ ከመጣ የድርጅት ንብረት ነው፣ አይግዛ። አንዳንድ ሻጭ ኢንተርኔት ሳያገናኝ አስጀምሮ ዴስክቶፑን ያሳያል፤ በኋላ አዲስ ሲስተም ልትጭን ስታጠፋው ቁልፉ ተመልሶ ይመጣል፣ ያኔ ሻጩ ሌላ አህጉር ላይ ነው። የሌላ ሰው አፕል አካውንት ከጠየቀም እንዲሁ።

ማክ_ጥገና

እስክትገዛ ድረስ ማክቡኩን በፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ በሚሆን ቀላል ኮፒ) አስተንፍሰው። ክሊፖቹን መርጠህ ትራንስኮድ ሚዲያ ውስጥ ፕሮክሲ በል፣ መጠኑን 50 በመቶ አድርግ፣ ማታ ትተኸው ሂድ። ቪው ውስጥ «ፕሮክሲ ፕሪፈርድ» ስታደርግ መጎተቱ ይቀራል። ኤክስፖርት ከማድረግህ በፊት ወደ ኦሪጅናል መልሰው፤ ካልመለስከው ለደንበኛው የሚወጣው ያው ደካማው ምስል ነው።

የፋይናል ከት ላይብረሪ በአዲስ ስሪት አንዴ ከታደሰ የቆየው ስሪት አይከፍተውም። አዲሱ ማሽን ላይ ከመክፈትህ በፊት የላይብረሪውን ኮፒ በሌላ ዲስክ አስቀምጥ፤ ሚኒው ላይ ያለው ፋይናል ከት ወደኋላ የሚቀርበት ቀን ስለሚመጣ፣ ከእሱ ወደ አዲሱ የምታሻግረው የዲቪ ፋይሎቹን እንጂ ላይብረሪውን አይሁን።

ካሴት_ወደ_ፋይል

አንድ ጭማሪ። ሚኒውም ባትሪ የለውም፤ እሱንም ካሜራውንም አንድ ዩፒኤስ ላይ ስካቸው። መብራት ሄዶ ከተቋረጠ ካሴቱን አንድ ደቂቃ ያህል ወደኋላ መልሰህ ቀጥል፣ መጋጠሚያውን በኋላ ትቆርጠዋለህ።

ሚኒው ጨርሶ ቢሞት ደግሞ ሊኑክስ አለ። የፋየርዋየር ክፍሉ እስከ 2029 ድረስ እንዲጠበቅ ዕቅድ ወጥቶለታል። ፒሲአይ ኤክስፕረስ ቀዳዳ ያለው የቆየ ዴስክቶፕ፣ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ ያለበት የፋየርዋየር ካርድ እና ዲቪግራብ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃሉ። አስማሚዎቹን ግን አሁን ካገኘኻቸው አንድ ተጨማሪ ጥንድ ያዝ፤ ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው።