መረጃዬን አጥፉልኝ ብል ፓስፖርት ላኪ አሉኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ፤ ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኛል።

የምኖረው በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ነው። ሥራ ፈላጊና ቀጣሪን በኢንተርኔት የሚያገናኝ አንድ ድርጅት ዘንድ ሲቪዬ፣ የትውልድ ቀኔና አድራሻዬ አለ። አካውንቴን ስዘጋ መረጃዬ በሙሉ እንዲሰረዝ ጻፍኩላቸው። ማንነቴን ለማረጋገጥ የፓስፖርት ቅጂና ፊቴ የሚታይበት ፎቶ እንድልክ ጠየቁኝ። ስመዘገብ እኮ ፓስፖርት አልጠየቁኝም! የጻፍኩላቸውም በዚያው በተመዘገብኩበት ኢሜይል ነው። ያለውን አጥፉልኝ ስል ከዚያ የባሰ ምስጢሬን መስጠት አለብኝ?

እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራበት የኅብረቱ ደንብ (ጂዲፒአር) በአንቀጽ 17 መረጃ የማሰረዝ መብት ይሰጣል። በአንቀጽ 12 ደግሞ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠየቀው በማንነት ላይ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሲኖር ነው ይላል። መልስ መስጠት ያለባቸውም በአንድ ወር ውስጥ ነው፤ ጉዳዩ ከተወሳሰበ ሁለት ወር ሊጨምሩ ይችላሉ።

የጨነቀኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። መረጃዬ ለየትኞቹ ቀጣሪዎች እንደተላለፈ አላውቅም። በአንቀጽ 15 ይህን የመጠየቅ መብት አለኝ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ከሰረዙት ለማን እንደሰጡት የሚያሳየው መዝገብ አብሮ ይጠፋ ይሆን ብዬ እሰጋለሁ። ስለዚህ የስረዛ ጥያቄዬን ላዘግየው? በፓስፖርት ፈንታ ወደ ኢሜይሌ በሚላክ ኮድ አረጋግጡ ብላቸው ያስኬዳል? ወይስ በቀጥታ ለመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ላመልክት? በተለይ እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ፣ ደብዳቤውን እንዴት እንደጻፋችሁት ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።