ወፎቹ የኮክ ፍሬዬን ጨረሱብኝ፣ ምን አይነት መረብ ልግዛ?

ሰላም ለሁላችሁም፣ እባካችሁ ግራ ገብቶኛል። ደብረ ዘይት ግቢያችን ውስጥ 3 ሜትር የምትሆን የኮክ ዛፍ አለችን፣ ዘንድሮ በደንብ ይዛልኝ ነበር ግን ፍሬው ገና ቀላ ሲል ወፎቹ ጠቅ ጠቅ አርገው ይተዉታል ከዛ ጉንዳን ይገባበትና ይበሰብሳል። ባለፈው ቀዳዳው ሰፋ ያለ የናይለን መረብ ጣል አደረኩባት፣ ጠዋት ስወጣ አንዲት ወፍ እግሯ ተጠላልፎ ተንጠልጥላ አገኘኋት፣ ክሩን በመቀስ ቆርጬ ነው ያወጣኋት፣ በጣም አሳዘነችኝ፣ ያኔውኑ አነሳሁት። አሁን ጣት የማያስገባ፣ ቀዳዳው ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነጭ መረብ ልፈልግ ወይስ አሮጌ አጎበር ይበቃል? አጎበሩን ፀሀይ ቶሎ እንዳይበጣጥሰው ፈራሁ። ደሞ በሸንበቆ ፍሬም ሰርቼ ላልብሳት ወይስ ቀጥታ ቅርንጫፉ ላይ? የሞከራችሁ ካላችሁ የት እንደገዛችሁና ሜትሩ ስንት እንደሆነ ቶሎ ንገሩኝ፣ የቀረው ፍሬ ሊደርስ ነው።