የባክን ኦርጋን በኮሞዶር 64፦ አራተኛውን ድምፅ የት ላድርገው?

ፔዳል_ረጋጩ
ሰላም ለሁላችሁ። የባክን ቶካታና ፉግ በዲ ማይነር (በባክ ሥራዎች ዝርዝር ቢ ደብሊው ቪ 565) ኮሞዶር 64 ለሚባለው የድሮ የቤት ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው። ቶካታው እንደምንም ሄደልኝ፤ ፉጉ (አንዱ ዜማ በየድምፁ እየተቀባበለ የሚገባበት ክፍል) ላይ ግን ተጣበቅኩ። የኮምፒውተሩ ድምፅ አውጪ ሲድ ቺፕ በአንድ ጊዜ ሦስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፣ ኖታው አንዳንድ ቦታ አራት ይጠይቃል። በፈጣን አርፔጂዮ (ኖታዎቹን በየተራ በፍጥነት በማፈራረቅ) ልሸፍነው ብሞክር የጌም ሙዚቃ ሆኖ አረፈው። አንድ ኖታ ሲደጋገምም ተያይዞ አንድ ረጅም ኖታ ይሆንብኛል። ፍጥነቱም ወይ ይሮጣል ወይ ይጎተታል። ማሽኔ ፓል (ለአውሮፓ ቲቪ ሥርዓት የተሠራው) ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

ሦስት_ድምፅ
ወንድሜ፣ አርፔጂዮውን ዛሬውኑ አጥፋው። የኦርጋን ውበቱ ጣት ቁልፉ ላይ እስካለ ድረስ ድምፁ ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው። ሲንቀጠቀጥ ኦርጋንነቱ ይጠፋል።

አራተኛው ድምፅ በእርግጥ አራተኛ መሆኑንም እይ። ቶካታው ሲከፈት ሁለቱ እጆች በኦክታቭ ተራርቀው አንድ ዜማ ነው የሚጫወቱት፤ ቦታ ሲጠብህ እንዲህ ያለው ድርብ ይቀነሳል። ፉጉ ላይ ዋናው ዜማ የሚገባበትን ድምፅና ባሱን አትንካ። መሃል ላይ ረጅም ኖታ ይዞ የቆመውን ቁረጠው። ከተሰማ በኋላ ቢጠፋ ጆሮ ራሱ ይቀጥለዋል። እኔ ስንቱን እንዲህ እንደሰረቅኩ ብነግርህ ትስቃለህ።

የሚደጋገመው ኖታ የጌት (ኖታውን የሚያስጀምረውና የሚለቀው ቢት) ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ድምፅ መቆጣጠሪያ አድራሻ 54276 ላይ 65 ጽፈህ ከሆነ፣ ቀጣዩ ኖታ ሊገባ 2 ፍሬም (የስክሪኑ ምስል አንዴ የሚታደስበት ጊዜ) ሲቀረው 64 አድርገው። ኦርጋኒስትም ጣቱን ቀደም አድርጎ ያነሳል እኮ፤ ያቺን ክፍተት ኖታው ላይ አታገኛትም።

ፍጥነቱ፦ በፓል አንድ ፍሬም 20 ሚሊሴኮንድ ነው። ለአሥራ ስድስተኛ ኖታ 7 ፍሬም ብትሰጥ በደቂቃ 107 ምት ይመጣል፣ 8 ብትሰጥ 94። መሃሉ የለም። እኔ አንዱን 7 ቀጣዩን 8 አደርጋለሁ፤ ልክ 100 ይወጣል። ሲያነክስ ሰምቼው አላውቅም።

ሌላው ማሚቶው ነው። የኦርጋን ግማሽ ድምፁ የድንጋዩ አዳራሽ ነው፣ ሲድ ደግሞ አዳራሽ የለውም። የቶካታው መክፈቻ ላይ ያሉት ዝምታዎች ድርቅ ብለው የሚቀሩት ለዚህ ነው። እዚያ ቦታ ብቻ የድምፁ አጠፋፍ የሚወሰንበት አድራሻ 54278 ላይ 249 ጻፍ፤ ድምፁ በ750 ሚሊሴኮንድ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ፉጉ ሲጀምር ወደ 240 መልሰው፣ አለዚያ ሁሉም ይጨማለቃል።

ኖታ_ለቃሚ
ከሌላ ሰው የተቀዳ የፍሪክዌንሲ ሠንጠረዥ ከሆነ የምትጠቀመው ተጠንቀቅ። እኔ የኤንቲኤስሲውን (ለአሜሪካ ቲቪ ሥርዓት የተሠራውን) ፓል ማሽን ላይ ጭኜ ሳምንት ሙሉ ሠራሁበት። ሁሉም እኩል ስለወረደ ምንም አልጠረጠርኩም። ከኦርጋን ቅጂ ጋር አብሬ ሳጫውተው ነው ጉዴ የወጣው፤ ከሩብ ቶን በላይ ወርዷል። 440 ኸርዝ ላ ለማውጣት ሲዱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በኤንቲኤስሲ 7218 ነው፣ በፓል 7493።

ፔዳል_ረጋጩ
ኧረ ጉድ፣ የኔም 7218 ነው! አሁን አስተካከልኩት። 7 እና 8 ማፈራረቁም ሠርቷል። ፉጉ ግን ስቆርጥ ስቆርጥ አጥንቱ ብቻ ሊቀር ነው።

ሦስት_ድምፅ
እንግዲያው ለጊዜው አስቀምጠው። ባክ ራሱ ለሦስት ድምፅ የጻፈው ሞልቷል። ስድስቱ ትሪዮ ሶናታዎች (ከ525 እስከ 530) ለቀኝ እጅ አንድ፣ ለግራ አንድ፣ በእግር ለሚረገጠው ፔዳል አንድ መስመር ናቸው። ለሲድ የተጻፉ ነው የሚመስሉት። ግን አብዛኛው ክፍላቸው ፈጣን ነው። መጀመሪያ ቢ ደብሊው ቪ 639ን ሞክር፤ እሱም ሦስት መስመር ነው፣ ዝግ ያለ ነው፣ ስህተትህን ቁጭ ብለህ ታዳምጠዋለህ።

ለላይኛው ዜማ ፐልስ ሞገድ ስጠው፣ ስፋቱን 2048 አድርገህ። እኩል አራት ማዕዘን ሞገድ ጎዶሎ ሃርሞኒክ (የኖታው ጎዶሎ ብዜቶች) ብቻ ነው ያለው፤ ጫፉ የተደፈነ የኦርጋን ቧንቧም እንደዚያው ነው። የመጋዝ ጥርሱ ሞገድ ለዚህ ሙዚቃ ይጮኻል።

ፔዳል_ረጋጩ
639ን ጀመርኩ። ፔዳሉንስ? በመጋዝ ጥርስ አድርጌ በፊልተር ላለዝበው?

ሦስት_ድምፅ
ሲድህ የድሮው ሞዴል 6581 ከሆነ ፊልተሩን ተወው። ከቺፕ ቺፕ ይለያያል፤ አንተ ጋ ለስላሳ የሆነው ሌላ ሰው ጋ ታፍኖ ይቀራል። ትሪያንግል ሞገድ አድርገው፣ የዚያ ድምፅ መቆጣጠሪያ ላይ 17 ጻፍ። ከሳሳብህ ጠባብ ፐልስ ሞክርና የወጣውን ለጥፍልን።